የውሰት እጅ

ጎረቤቴ አናጢ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ክብ መጋዝ ከወሰደባቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ሰላም ሲሉ፣ ወጥ የነካ እጅ ያለው ሰው እንደሚያደርገው፣ ክንዳቸውን ሰጠት ያደርጉልናል፤ እኛም ጨበጥ አድርገን እናልፋለን። የአገራችን ሰላምታ እጅ ለሌለው ሰው ቀድሞ መላ ያበጀለት ይመስለኛል። በቀደም ታዲያ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ በሌላ ሰው እጅ የጫማውን ክር ያስራል።

«ይሄ እውነት ነው ወይስ ኮምፒውተር የፈጠረው?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አንብብልኝ። ደጉን ብቻ እንዳትመርጥ፤ ክፉውንም።»

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሳነብላቸው የከረምኩትን፣ እሳቸውም መሐል እየገቡ የጠየቁኝን እዚህ አስፍሬዋለሁ። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

*

«እጅ የሚሰጠው ማነው?» አሉኝ በመጀመሪያው ማታ፤ ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። በአማርኛ እጅ የሚሰጠው የተሸነፈ ወታደር ነው። እዚህ ግን አንጎሉ ሞቶ ልቡ በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዞ ገና የሚመታ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ሆኖ እሺ የሚለው ደግሞ ቤተሰቡ።

ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ ይሰሙን ኖሯል። «ኩላሊት ከዘመድ ይወሰድ የለ? የእኔን አንዱን ይውሰዱለት» አሉ፣ ከጀበናው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ። አይሆንም አልኳቸው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ አንድ ኩላሊት የሰጠ ሰው በቀረው ይኖራልና። የሕያው ሰው ጤነኛ እጅ ቆርጦ ለሌላ የሚተክል ሐኪም ግን የለም። ባልየው መልስ አልሰጡም። ስኒያቸውን ብቻ ደጋግመው አዞሩት።

*

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በ1964 ኢኳዶር ውስጥ ጓያኪል በምትባል ከተማ ነው። መስፋቱ አላቃታቸውም። ያቃታቸው ሰውነትን ማግባባት ነው፤ የዘመኑ መድኃኒት አቅም አንሶት እጁ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ተቆረጠ። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ። መስከረም 1998 ሊዮን፣ ፈረንሳይ፣ ፕሮፌሰር ዣን ሚሼል ዱበርናርና ከተለያየ አገር የተሰባሰቡ ጓደኞቻቸው ክሊንት ሃላም ለሚባል ኒውዚላንዳዊ እጅ ተከሉ። ሃላም እጁን ያጣው በክብ መጋዝ ነው።

«በክብ መጋዝ?» ጎረቤቴ ከወንበራቸው ተስተካከሉ።

«በክብ መጋዝ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳነብ ድምፄን ዝቅ ማድረጌ ታወቀኝ። ሃላም መድኃኒቱን በሥርዓት መውሰድ አቆመ፤ እጁም የኔ አልመስል አለኝ አለ። በየካቲት 2001 በራሱ ጥያቄ ለንደን ውስጥ ተቆረጠለት። ከእሱ አራት ወር በኋላ፣ ጥር 1999፣ በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ግራ እጅ የተተከለለት ማቲው ስኮት ግን በዚያው እጁ ሃያ ዓመት ተሻገረ። እሱ የራሱን ያጣው በርችት ነበር።

ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ደጋግሜ አሰብኩ። ጋዜጦች የሚያወሩት ስለ ቀዶ ሕክምናው ሰዓት ርዝመት ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን በአንድ ሌሊት ያልቃል፤ በሽተኛው ተኝቶ የሚያልፈውም እሱን ብቻ ነው።

*

ልብ እንዲተከልለት የሚጠባበቅ ሰው ምርጫው ወይ ክኒን ወይ ሞት ነው፤ ስለዚህ ክኒኑን አያማርርም። እጅ የሌለው ሰው ግን በሽተኛ አይደለም። ጎረቤቴ ስኳር የለባቸውም፣ ግፊት የለባቸውም፣ ኩላሊታቸው ደኅና ነው፣ ከእኔ ይልቅ ዳገት ይወጣሉ። እጅ ቢተከልላቸው ከዚያች ቀን ጀምሮ የዕድሜ ልክ ታካሚ ይሆናሉ። እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ በፊልሙ ላይም የማይታየው ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት የራሱን ከሰው ለይቶ የሚያውቅ ዘብ አለው። የሰው እጅ ሲመጣ ዘቡ ይነሣል። እንዳይነሣ ታክሮሊመስና መሰሎቹ መድኃኒቶች፣ ብዙ ጊዜም ስቴሮይድ ተጨምሮበት፣ በየቀኑ ይሰጣሉ። ታክሮሊመስ በጊዜ ብዛት ኩላሊትን ይጎዳል፣ ስኳርና ግፊት ሊያመጣ ይችላል፣ ጣት ያንቀጠቅጣል። ስቴሮይዱ አጥንት ያሳሳል። ዋናው ጣጣ ደግሞ ዘቡን ለእጁ ብቻ ብሎ ማስተኛት አለመቻሉ ነው። እንግዳው ይግባ ተብሎ በር ሲከፈት ሌባውም ይገባል፦ ተላላፊ በሽታ፣ የቆዳ ካንሰር፣ የደም ካንሰር ዓይነቶች። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ሳይታመም በውስጡ ይዞ ይኖራል፤ ዘቡ ሲተኛ ያ ይነቃል። ስለዚህ ንቅለ ተከላ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ደሙና ሳንባው ይፈተሻል።

«ጥሬ ሥጋስ?»

«አይቻልም።»

«ክትፎ ለብ ለብ?»

«ለብ ለብም አይሆንም ጋሼ። እርጎም ካልፈላ ወተት ከሆነ አይቻልም።»

«ታዲያ እጁን ሰጥተው ጉርሻውን ሊከለክሉኝ ነው!» ብለው ሳቁ። አሁን የሚበሉት በግራ ነው። ሲያጎርሱ «ግራዬ ነው፣ ይቅርታ» ሳይሉ አያጎርሱም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይቅርታውን አልተዉትም።

ክኒኑ ሰዓት አለው። ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት ይዋጣል፤ መጠኑ ደም እየተቀዳ ይለካል። ግሬፕ ፍሩት የሚባለው መራራ ፍሬ ብቻውን መድኃኒቱን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ያደርሰዋል። ሐኪም ያላወቀው የባህል መድኃኒትም እንዲሁ ነገር ሊያዛባ ይችላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ክኒኑን ከጾሙ ጋር እንዴት እንደሚያስኬደው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ መነጋገር አለበት። ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን ጠበልና ክኒን እንደ ጣውንት ሲታዩ ምን እንደደረሰ የምናስታውስ እናስታውሳለን።

*

የተተከለ ኩላሊት ሲጣላ ሰውየው አያየውም፤ ነገሩ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው። እጅ ግን ጠቡን ቆዳው ላይ ይጽፈዋል፤ ይቀላል፣ ሽፍ ይላል፣ ያብጣል። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ዘቡን ክፉኛ የሚያስቆጣው ቆዳ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። በዓለም አቀፉ መዝገብ እንደተመዘገበው በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 85 ያህሉ ተቀባዮች ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጠብ አጋጥሟቸዋል። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ይበርዳል። ስለዚህ ሰውየው በየጠዋቱ እጁን እንደ አራስ ልጅ ገላ እያገላበጠ ማየት አለበት። እኔ የራሴን እጅ መቼ እንዳየሁት አላስታውስም።

*

አጥንቱ በብረት ይያያዛል፤ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ጅማቶች ይሰፋሉ፣ ነርቮች ይሰፋሉ። ደሙ ሲለቀቅ የገረጣው እጅ ይቀላል። ሐኪሞች ስለዚህች ቅጽበት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ነርቩ ግን ያኔ ገና ሞቶ ነው። የተሰፋው የሰጪው ነርቭ ባዶ ቱቦ ብቻ ነው፤ በውስጡ የተቀባዩ ነርቭ ከስፌቱ ተነሥቶ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ይጓዛል። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን በማስመሪያ ለካሁት፤ የእኔ 19 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሳይሰናከል ቢሄድ ከስድስት ወር በላይ ነው። ከክርን በላይ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ አስሉት። በዚያ ላይ መንገዱ በረዘመ ቁጥር በእጁ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ነርቩ ሳይደርስላቸው ይከሳሉ።

ሰውየው ግን እየጠበቀ አይቀመጥም። ለወራት፣ በቀን ብዙ ሰዓት፣ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ይውላል። ከቤቱ ርቆ ከሆነ ከተማ ይቀይራል፣ ሥራ ያቆማል። ለዚህ ነው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ስለ እጁ ሳይሆን ስለ ቤቱ የሚጠይቁት፦ ማን ያስታምምሃል? ክኒንህን ረስተህ ታውቃለህ? ትጠጣለህ? ታጨሳለህ?

«ወደ አናጢነቴ እመለሳለሁ?» አሉኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። ብርጭቆ ይያዛል፣ በር ይከፈታል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይለያል፣ የልጅ ፀጉር ይዳሰሳል። ምስማር በሁለት ጣት ይዞ መዶሻ ማሳረፍን ግን ማንም ቃል አይገባም። የጣቶች ረቂቅ እንቅስቃሴ መጨረሻ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ ሆኖ የማይመጣ ነው።

*

በሦስተኛው ማታ ይመስለኛል፣ ሲያስቡበት የቆዩ መሆናቸው የሚያስታውቅ ጥያቄ መጣ። «የእጅ አመል የነበረው ሰው እጅ ቢደርሰኝስ?»

ቀልድ አይደለም፤ በሌላ ቋንቋም በሌላ ቃል ሰዎች ይህንኑ ይጠይቃሉ። ያገኘሁት መልስ ደስ አሰኝቶኛል። በጥር 2000 ሊዮን ላይ ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ የተተከሉለት የመጀመሪያው ሰው አንጎሉ በምስል ሲታይ፣ እጆቹ ከተቆረጡ ወዲህ ቦታውን ለቆ የነበረው የእጅ ሥፍራ በወራት ውስጥ ተመልሶ ወደ ነበረበት ገባ። ጥናቱ በ2001 ታትሟል። እጁ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው አንጎል ነው። አመሉም የባለ አንጎሉ ነው።

«ስለዚህ ብሰርቅ እኔ ነኝ የሰረቅሁት።»

«እርስዎ ነዎት። አሻራው ግን የሟቹ ነው።»

ይህን ያልኩት ለሳቅ ነበር፤ በኋላ ግን አሳሰበኝ። የጣት አሻራ ከቆዳው ጋር ይመጣል። ዛሬ በአሻራ መታወቂያ ይወጣል፣ ስልክ ይከፈታል፣ ድንበር ይታለፋል። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ የፈረመችው በአውራ ጣቷ ነው። በሌላ ሰው ጣት የሚፈረም ውል የማን ውል እንደሆነ የሕግ ሰዎች ያስቡበት።

*

ኮቺ፣ ደቡብ ሕንድ፣ 2017። በአውቶቡስ አደጋ ሁለት እጇን ያጣች ወጣት ተማሪ የአንድ ወጣት ወንድ እጆች ተተከሉላት። የሱ ቆዳ ከእሷ ይጠቁር ነበር፤ እጆቹም ወፍራም። ከጊዜ በኋላ እጆቹ ቀጠኑ፣ ቀለማቸውም ወደ እሷ ቀለም ቀረበ። ሐኪሞቿ ምክንያቱን ሲገምቱ ሆርሞን ያነሣሉ። እኔ የማስበው የልጁን እናት ነው። የልጇ ኩላሊት ሰው ሆድ ውስጥ ቢኖር አታየውም፤ የልጇን ጣቶች ግን መንገድ ላይ ልታውቃቸው ትችላለች። እጅ ከፊት ቀጥሎ መልክ አለው።

*

ለማን ይሻላል? ሁለቱንም እጅ ላጣ ሰው የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። ፈንጂ እጁንና ዓይኑን አንድ ላይ የወሰደበት ሰው ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት፤ ለእሱ ጣት ዓይን ነው፣ ሰው ሠራሽ እጅ ደግሞ አይዳስስም። ብዙ ደም የወሰዱና ብዙ ልጅ የወለዱ ሴቶች ሰውነታቸው ለእንግዳ ሥጋ አስቀድሞ የተቆጣ ሊሆን ስለሚችል የሚስማማቸው እጅ ማግኘት ይከብዳቸዋል። የደም ዓይነቱ፣ የቆዳው ቀለምና መጠኑ መግጠም አለበት። አንድ እጅ የቀረለት ሰው ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ይከራከራሉ።

ይህን ስነግራቸው ቅር አላቸው። «አንድ እጅ አያጨበጭብም» አሉ።

እውነት ነው፤ አያጨበጭብም። ግን በ2009 ፒትስበርግ ላይ ሁለት እጅ የተተከለለት አሜሪካዊ ከዓመታት በኋላ ለጋዜጠኞች የተናገረውን አነበብኩላቸው፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጆቹ ሊታዘዙለት እንዳልቻሉ፣ በሰው ሠራሾቹ ይሻለው እንደነበር። ያን ሰው የሚያህል አስተማሪ የለም። የተሳካለት ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ይወጣል፤ ያልተሳካለትን ፈልጎ የሚያነጋግር ታካሚ ግን ከፊልሙ ይልቅ ብዙ ይማራል።

ጎረቤቴም ሰው ሠራሽ እጅ አላቸው። የሥጋ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። ሰርግ ካልሆነ አያጠልቁትም። ካርቶን ውስጥ ሆኖ አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ ባለቤታቸው በየበዓሉ ቤት ሲያጸዱ «ይሄን ነገር ልጣለው?» ይላሉ። ይህ እጅ መጥፎ ስለሆነ ሁሉም መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በጡንቻ ምልክት የሚታዘዙ፣ እንዲያውም በገመድ የሚሳቡ ተራ መንጠቆዎች ብዙ ሰው ሥራ ላይ መልሰዋል። እጅ የሚተክሉ ማዕከሎችም መጀመሪያ የሚጠይቁት ሰው ሠራሹን ከልብህ ሞክረኸዋል ወይ ብለው ነው።

*

በሐምሌ 2015 ፊላደልፊያ ላይ ሁለት እጅ የተተከለለት የስምንት ዓመት ልጅ ለምን እንደተመረጠ ሳውቅ የነገሩ ሁሉ ሂሳብ ተገለጠልኝ። ልጁ በሕፃንነቱ በደረሰበት የደም መመረዝ እጆቹንና እግሮቹን አጥቷል፤ ኩላሊቱም ወድቆ እናቱ ኩላሊቷን ሰጥታዋለች። ስለዚህ ክኒኑን ቀድሞውንም ይውጥ ነበር። ለእጁ የሚከፈለውን ዕዳ ለኩላሊቱ ሲል እየከፈለው ነበር ማለት ነው።

*

ሳላስበው ያገኘሁት፣ ከሁሉም ይልቅ ያበሳጨኝ ነገር ይህ ነው። የሰው እጅ ከመለመን በፊት የራስን እጅ መልሶ መስፋት አለ። ቻይናዊው ሐኪም ቼን ዦንግዌይ በጥር 1963 ሻንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ የአንድ ሠራተኛ እጅ መልሶ ተክሏል። የራስ ሥጋ ስለሆነ የዕድሜ ልክ ክኒን የለም፣ ዘቡም አይቆጣም።

ግን እጁ መድረስ አለበት። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ ውኃ በማያስገባ ፌስታል ይቋጠራል፣ ፌስታሉ በረዶ የገባበት ውኃ ላይ ይቀመጣል። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ተስፋው ይመነምናል።

የጎረቤቴን እጅ ታናሽ ወንድማቸው በጋቢ ጫፍ ጠቅልሎ ጉያው ውስጥ ይዞ ነበር የተከተላቸው። እንዲሞቀው ብሎ። ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲላኩ ስለ ጋቢው ማንም አልጠየቀም። ማታ ላይ ወንድምየው ብቻውን ሄዶ ከደብሩ አጥር ሥር ቀበረው። ይህን የነገሩኝ ስለ በረዶው ካነበብኩላቸው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ነግረውኝ አያውቁም።

*

የፈረንጅ የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ታሪካቸውን ሲያወሩ ከቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ይጀምራሉ፤ እነዚያ ኅዳር 22 የምናስባቸው ያለ ዋጋ የሚያክሙ ወንድማማቾች። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት በላቲን በተጻፈ የቅዱሳን ገድል ስብስብ ውስጥ፣ ሮም ላይ እግሩ የበሰበሰ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ተኝቶ ሳለ ሁለቱ ይገለጡለታል። የሚተካለት እግር ከየት ይምጣ? በዚያው ዕለት ከተቀበረ ኢትዮጵያዊ። ላቲኑ በዚያ ዘመን ጥቁር ሰውን ሁሉ የሚጠራው እንዲህ ነውና የየት አገር ሰው እንደነበር አይታወቅም። ፍሎረንስ ውስጥ ባለው የፍራ አንጀሊኮ ሥዕል ላይ ነጩ ሰው አንድ ጥቁር እግር ይዞ ተኝቷል።

ተረኩ የበሽተኛውን ደስታ ይተርካል። ሟቹን ማንም አልጠየቀውም፤ እንዲያውም የበሰበሰው እግር ወደ መቃብሩ ተወስዶ ለእሱ ተሰጠው።

ዛሬ ይጠየቃል። በአሜሪካ ከ2014 ጀምሮ እጅና ፊት እንደ ኩላሊትና ጉበት ባለው ደንብ ሥር ገብተዋል፤ ሆኖም መንጃ ፈቃድ ላይ ለጋሽ ነኝ ብሎ መመዝገብ ለእጅ አይበቃም። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ መንጃ ፈቃዱ ላይ ትንሽ ልብ ታትማለች፤ ስለ ኩላሊቱና ጉበቱ ትናገራለች፣ ስለ እጁ ግን ዝም ትላለች። እጁ በስሙ ተጠርቶ ቤተሰቡ ለብቻው መጠየቅ አለበት። በዚያች ሰዓት፣ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ልቡን ሰጥተው እጁን የሚከለክሉ ቤተሰቦች አሉ። እኔም ብሆን እዚያ ላይ እንደምቆም አውቃለሁ።

*

ጎረቤቴ ሰውን የመገነዝ ልምድ አላቸው፤ እጃቸው ሙሉ ሳለ በእድራችን የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። የመጨረሻው ጥያቄያቸው ከዚያ የመጣ ነው።

«ሟቹን ሲገንዙት አውራ ጣቱን ከምን ጋር ያስሩታል?»

ያነበብኩትን ነገርኳቸው። እጁ ከተወሰደ በኋላ፣ ቤተሰቡ አስከሬኑን ሳይረከብ፣ በቦታው ሰው ሠራሽ እጅ ይገጠምለታል።

«ፕላስቲክ?»

«እንደዚያ ያለ ነገር።»

ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞር ብለው ባለቤታቸውን ተጣሩ።

«ያንን አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን እንዳትጥይው።»